በእግር ውጡ፣ በመኪና ውረዱ

ጥያቄ፦ «ጡረታ የወጣን መምህራን ነን። ሰባት ነን፤ ትንሹ 63፣ ትልቁ 76 ዓመቱ ነው። እሑድ እሑድ ሰፈራችን ሜዳ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል እንራመዳለን። አሁን ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከሽሮ ሜዳ ተነስተን በእግር እንጦጦ ማርያም ልንወጣ፣ እዚያው ምሳ በልተን በጫካው አቋራጭ ልንወርድ አስበናል። ልጆቻችን ‹በዚህ ዕድሜ ከፍታ ለልብ ጥሩ አይደለም› ብለው ተቃውመዋል። ሁለታችን የደም ግፊት መድኃኒት እንወስዳለን። አንዱ ጓደኛችን ስኳር አለበት፤ ኢንሱሊን ይወጋል። እኔ ጉልበቴን ያመኛል፤ በተለይ ደረጃ ስወርድ። አንድ ወዳጃችን ‹ጠዋት ዳይክሎፌናክ ዋጡ፣ የሚያሸናውን ኪኒን በዚያ ቀን ተዉት፣ ስትወጡ ውኃ አትጠጡ፣ ይከብዳችኋል› ብሎናል። ከአሜሪካ የምትመጣ የድሮ ባልደረባችንም በመጣች በሁለተኛው ቀን አብራን ልትወጣ ነው። ምን ይመክሩናል?»

ምላሽ፦ መውጣት ትችላላችሁ። ዕቅዱ ግን መለወጥ አለበት። ወዳጃችሁ ከሰጣችሁ ሦስት ምክሮች አንዱም ትክክል አይደለም፤ ዳይክሎፌናኩና ውኃ አለመጠጣቱ ባንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ። የልጆቻችሁ ስጋትም ቦታውን ስቷል። ከፍታውን ፈርተዋል፤ ሊፈሩ የሚገባቸው ከምሳ በኋላ ያለውን ቁልቁለት ነበር።

ስለ ከፍታው አስቀድሜ ልናገርና ልለፈው። አዲስ አበባ ራሷ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ነው። ሽሮ ሜዳ ወደ 2,600 ይጠጋል፤ የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የከፍታ ሕመም፣ ማለትም ራስ ምታቱ፣ ማቅለሽለሹ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ የሚመጣና ከቆላ ባንድ ጊዜ የወጣን ሰው የሚይዝ ነው። እናንተ እዚሁ ኖራችሁ እዚሁ ያረጃችሁ ሰዎች ናችሁ። ደማችሁም ሳንባችሁም ለምዶታል። ለጥቂት ሰዓት ወጥቶ ማታ ቤቱ ለሚተኛ የአዲስ አበባ ሰው የእንጦጦ ከፍታ በራሱ በሽታ አያመጣም።

ልዩነቱ ግን ይሰማችኋል። እንጦጦ ጫፍ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ቦሌ ላይ ከምታገኙት በአሥር በመቶ ገደማ ያንሳል። ሰፈር ውስጥ እየተጫወታችሁ የምትሄዱበት ፍጥነት እዚያ ያስለከልካል። መድኃኒቱ ቀስ ማለት ነው። መለኪያው ደግሞ አፋችሁ ነው። እየተራመዳችሁ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆርጡ መናገር ከቻላችሁ ፍጥነቱ ልክ ነው። ቃል በቃል እየቆረጣችሁ ከሆነ ፈጥናችኋል። የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት ያሰረ ሰው ካለ ብዙ አይመካበት። የልብ ምትን የሚያዘገዩትን የግፊት መድኃኒቶች፣ አቴኖሎልንና መሰሎቹን፣ የሚወስድ ሰው ልቡ ቢጨነቅም ምቱ ስለማይፈጥን ቁጥሩ ያታልለዋል።

ልብ ላይ አደጋ የሚያመጣው ያልተለመደ ድካም ነው። ለወራት ሜዳ ላይ ብቻ የተራመደ ሰው በብርድ ማለዳ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ ውኃ ሳይጠጣ፣ ከሌሎች ላለማነስ እየተጣደፈ ሽቅብ ሲወጣ ችግሩ የሚመጣው ያኔ ነው። ስለዚህ መዘጋጀት ያስፈልጋል። እሑድ የምታደርጉትን የአንድ ሰዓት ጉዞ በሳምንት ሦስት ቀን አድርጉት። ከሦስቱ አንዱ ዳገት ያለበት ይሁን። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ የሚወስደው ዓይነት መጠነኛ ዳገት ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃል፤ ከዚያ እየጨመራችሁ ሂዱ። ደረጃ ያለው ሕንፃ ካገኛችሁም በቀን ሦስት ፎቅ በእግር መውጣትና መውረድ ጨምሩ። አምስት ስድስት ሳምንት እንዲህ የሠራ የ70 ዓመት ሰው ምንም ካልሠራ የ50 ዓመት ሰው ይልቅ እንጦጦን በሰላም ይወጣል።

ከመነሳቱ በፊት ሐኪም ማየት ያለበት ሰው አለ፤ እዚህ ላይ ማመቻመች አይቻልም። ሲራመድ ወይም ደረጃ ሲወጣ ደረቱን የሚጨምቀው ሰው፣ በቅርብ ወራት የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ያጋጠመው ሰው፣ ራሱን ስቶ የሚያውቅ፣ ማታ ማታ እግሩ የሚያብጥ ወይም ጋደም ሲል ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው መጀመሪያ ይመርመር። የጉዞው ዕለት ጠዋት ግፊቱ ከ180 በ110 በላይ ያለ ሰውም በዚያ ቀን አይውጣ። በማግስቱም ወደ ሐኪሙ ይሂድ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙ ሰው መውጣት ሥራ፣ መውረድ ዕረፍት ይመስለዋል። ለልብና ለሳንባ እውነት ነው። ለጉልበትና ለሚዛን ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ሽቅብ ላይ ሰውነት ሲደክመው ይናገራል። ትንፋሽ ያጥራል፣ እግር ይከብዳል፣ ሰውየው ፈለገም አልፈለገም ይቆማል። ቁልቁል ላይ ይህ ማስጠንቀቂያ የለም። ትንፋሽ ቀሏል፣ ጨዋታው ደምቋል፣ እግር ግን እየዛለ ነው። የጭን ፊት ጡንቻ በእያንዳንዱ እርምጃ እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት እንደ ፍሬን ይይዛል። እሱ ሲዝል ጭነቱ በቀጥታ ጉልበት ላይ ያርፋል። የእርስዎ ጉልበት ደረጃ ሲወርዱ የሚያምዎ በዚሁ ምክንያት ነው። ከጉልበት ፊት ለፊት ካለው ክብ አጥንት ሥር ያለው ልም አጥንት በዕድሜ ስለሚሳሳ፣ ጉልበት ታጥፎ ክብደት ሲሸከም ይፋተጋል። ለአንድ ፎቅ ደረጃ ካመመዎ ለ400 ሜትር ቁልቁለት ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት ቀላል ነው።

በዚህ ላይ መሬቱ አለ። የእንጦጦ ጫካ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። የደረቀው ቅጠልና ቅርፊት ያንሸራትታል። ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን ፍሬው ነው። ጠጣር ነው፣ ትንሽ ነው፣ ከጫማ ሥር ይንከባለላል። ያሰባችሁት አቋራጭም ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ለዓመታት የረገጡት መንገድ ነው። አጭር እንዲሆን ተብሎ በቀጥታ ቁልቁል ይሄዳል፤ አይጠማዘዝም። እነሱ ለምደውታል፣ ለ76 ዓመት አዛውንት ግን አይሆንም። (በነገራችን ላይ ሸክም ይዛ የምትወርድ ሴት ካጋጠመቻችሁ መንገዱን ለቃችሁ ቁሙ። ሸክሙ ወደፊት እየገፋት በቀላሉ መቆም አትችልም።) ተራራ ላይ ሰው በብዛት የሚወድቀው ሲወርድ ነው፤ ቀኑ ሲጋመስ፣ እግር ሲዝል፣ ሐሳብ ቤት ሲገባ። በዚህ ዕድሜ አንድ መውደቅ የእጅ አንጓ ወይም የዳሌ አጥንት ሊሰብር ይችላል። ከዳሌ ስብራት በኋላ እንደ ድሮው የማይራመድ ብዙ ሰው አክሜያለሁ። ይህን ያህል የምጨቀጭቀውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። በእግር ውጡ፣ በመኪና ውረዱ። ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም የሚወስደው አስፋልት ታክሲ ይመላለስበታል፤ ለእናንተ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። የደከመው ሰው በየትኛውም ቦታ ታክሲ አስቁሞ መሳፈር ይችላል። አቅም ካላችሁ ደግሞ አንድ ሚኒባስ ለቀኑ ኮንትራት ያዙና ሹፌሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃችሁ። መንገዱ ጠባብና ቁልቁለታማ ስለሆነ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያያችሁ፣ በአንድ ረድፍ ሆናችሁ ሂዱ። ጎን ለጎን መሄድና መጫወት ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ይሁን። ላይ ሜዳ ሜዳውን አንድ ሁለት ሰዓት ተንሸራሸሩ፣ ምሳ ብሉ፣ ከዚያ መኪና ግቡ። ይህን ስል የጉዞውን ክብር እየቀነስኩ አይደለም። ለልብና ለሳንባ የሚጠቅመው ክፍል ሽቅቡ ነው፤ እሱን ሙሉ በሙሉ በእግራችሁ ትሠሩታላችሁ።

የግድ ትንሽ መውረድ ካለባችሁ ምርኩዝ ያዙ። ከዘራ ካለ ጥሩ ነው፤ በሁለት እጅ ሁለት ምርኩዝ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ነው፣ ምክንያቱም ከጉልበት ላይ የተወሰነውን ጭነት ወደ ክንድ ያዛውራል። ቁመቱ ክርን ዘጠና ዲግሪ ሲታጠፍ እጅ የሚያርፍበት ያህል ይሁን፤ ለቁልቁል ትንሽ ይርዘም። እርምጃ አጭር፣ ጉልበት ጥቂት ዕጥፍ ያለ፣ ዓይን ከፊት ለፊት ካለው መሬት ያልተነሳ። ወደ ኋላ መለጠጥ ደኅንነት ይመስላል፣ ግን ተረከዝ የሚያንሸራትተው እሱ ነው። ጫማው ሶሉ ያላለቀ፣ የተለመደና ከጣት ጫፍ ፊት ትንሽ ቦታ ያለው ይሁን። ለጉዞው ብላችሁ አዲስ ጫማ ገዝታችሁ በዚያው ቀን አታስመርቁ።

ወደ ኪኒኖቹ እንመለስ። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና መሰሎቻቸው ወደ ኩላሊት የሚሄደውን የደም ፍሰት ይቀንሳሉ። ኢናላፕሪልን የመሰለ የግፊት መድኃኒት በኩላሊት ማጣሪያ ውስጥ ያለውን ግፊት ዝቅ ያደርጋል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድን የመሰለ የሚያሸና ኪኒን ደግሞ ውኃና ጨው ከሰውነት ያስወጣል። እያንዳንዱ ለብቻው በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ ሥራውን ይሠራል። ሦስቱ ላብ በሚወርድበትና ውኃ በማይጠጣበት ቀን ሲገጣጠሙ ግን ኩላሊት በድንገት ሊደክም ይችላል። ሽማግሌ ላይ ደግሞ ይህ ቶሎ አይታወቅም። ዳይክሎፌናክ ከዚህም ሌላ ግፊት ይጨምራል፣ ጨጓራ ሊያደማ ይችላል፣ የልብ ሕመም ያለበትን ሰው ይጎዳል። ሌላም ነገር አለ። ሕመሙን ስለሚያደነዝዝ ጉልበትዎ «ይበቃኛል» ሲልዎ አይሰሙትም። በምሽት ካመመዎ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ የጉበት ሕመም ከሌለብዎ 500 ሚሊ ግራሙን ሁለት ፍሬ። ጉልበት ላይ የሚቀባው የዳይክሎፌናክ ቅባትም ከሚዋጠው በጣም ያነሰ ወደ ደም ስለሚገባ ይሻላል።

የሚያሸናውን ኪኒን በራስ ፈቃድ መተው ደግሞ ሌላው ስህተት ነው። አንድ ቀን ብቻ ነው ይባላል። ያ አንድ ቀን ግን ዳገት የምትወጡበት፣ ግፊታችሁ በተፈጥሮ ከፍ የሚልበት ቀን ነው። ችግሩ የሽንት መመላለስ ከሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የመውሰጃውን ሰዓት ለአንድ ቀን ወደ ከሰዓት ማዛወር ይቻላል። ለልብ ድካም ላሲክስ የተባለውን ብርቱ የሚያሸና ኪኒን የሚወስድ ሰው ካለ ግን የእሱ ጉዳይ የተለየ ነው፤ ስለ ጉዞውም ስለ ኪኒኑም ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አይንቀሳቀስ። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከተቀመጡበት ድንገት ሲነሱ ሊያዞራቸው ይችላል። ለፕሮስቴት መድኃኒት የሚወስድ ወንድም እንዲሁ። ከምሳ በኋላ መጀመሪያ እግራችሁን አንቀሳቅሱ፣ ከዚያ ተነሱ፣ ጥቂት ቆማችሁ ተራመዱ።

ውኃ ይከብዳል የሚለው አባባል ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ባንድ ጊዜ አንድ ሊትር የጨለጠ ሰው በርግጥ ሆዱ ይነፋል። ጥፋቱ የአጠጣጡ ነው። በዕድሜ የጥማት ስሜት ስለሚደክም ሰውነት ደርቆ እንኳ አፍ አይጠማም። የጥቅምት አየር ደግሞ ደረቅ ነው፤ ላቡ ሳይታይ ይተናል። በየሩብ ሰዓቱ ጥቂት ጉንጭ እየወሰዳችሁ በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ጠጡ። ከዚያ በላይም አትጨናነቁ። የሚያሸና ኪኒን የሚወስድ ሰው ብዙ ባዶ ውኃ ከጠጣ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ሊቀጥንበትና ሊያደናግረው ይችላል። ከውኃው ጋር ዳቦ ወይም ጨው ያለበት ነገር መቅመስ ጥሩ የሚሆነው ለዚህ ነው። የኩላሊት ወይም የልብ ድካም ኖሮበት ውኃ የተለካለት ሰው ሐኪሙ ያዘዘውን ይከተል።

እናቶች ብዙ ጊዜ ውኃ የማይጠጡት በሌላ ምክንያት ነው። መጸዳጃ የለም ብለው። ይህን ማንም አፍ አውጥቶ አይናገርም፣ ግን ብዙ ራስ ምታትና ማዞር የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ጉዞውን የሚያዘጋጀው ሰው ሁሉም የሚያርፍበትን መጸዳጃ ያለው ቦታ ቀድሞ ይወቅ። በ2013 ዓ.ም የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ መጸዳጃም፣ ካፌም፣ የተስተካከለ መሄጃም አለው። ላይ ከደረሳችሁ በኋላ የምትንሸራሸሩበት ቦታ እሱ ቢሆን እመርጣለሁ።

ስኳር ያለበት ጓደኛችሁ ከሁላችሁም የበለጠ ዝግጅት ያስፈልገዋል። መራመድ ራሱ ስኳር ይቀንሳል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚውጥ ሰው የተለመደውን መጠን ወስዶ ረዥም ዳገት ከወጣ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ይህ እምብዛም አያሰጋውም። መጠኑን ምን ያህል መቀነስ እንዳለበት እኔ ከዚህ ሆኜ አልነግረውም። ሐኪሙ ነው የሚወስነው፤ ውይይቱም ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ይሁን። የሚወጋበትን ቦታ ግን ልንገረው። በዚያ ጠዋት ሆዱ ላይ ይውጋ፤ ጭን ላይ ከተወጋ ጡንቻው ሲሠራ ኢንሱሊኑ በፍጥነት ወደ ደም ይገባል። ከመነሳቱ በፊት ይለካ። ከ100 በታች ከሆነ አንድ ነገር በልቶ ይነሳ፤ ከ250 በላይ ከሆነና ሰውነቱም ጤና ካልተሰማው ይቅር። መንገድ ላይም በየሰዓቱ ይለካ።

መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ያለ ምክንያት መቆጣት ወይም መደናገር ካያችሁበት ስኳሩ ወርዷል ብላችሁ ተነሱ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ በእጃችሁ ከሌለ፣ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ ስኳር ያለበት ለስላሳም ይሆናል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ለኩ። ከተሻለው ዳቦ ያስከትል። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አታስገቡ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ አምቡላንስ ጥሩ። ስኳሩ በእሱ ቦርሳ ብቻ መሆን የለበትም። አንድ ሌላ ሰውም ይያዝ፣ ሁሉም የት እንዳለ ይወቅ። ካልሲው ደረቅ መሆኑን፣ ጫማው ውስጥ ጠጠር አለመግባቱን እያረፈ ይመልከት፤ የእግሩ ስሜት ከደከመ ቁስሉን የሚያውቀው ማታ ቤቱ ነው።

ጾምን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከረቡዕና ዓርብ በቀር የታወጀ ጾም የለም፤ የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው። ቅዳሜ ወይም እሑድ አድርጉት። ቀኑ ተገፍቶ ጾም ውስጥ ከገባ ደግሞ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ ዳገት መውጣት የለበትም። የነፍስ አባቱን ያማክር፤ ሕመምተኛ እንደ ጤነኛ እንዲጾም አይገደድም። በረመዳን ለሚጾም ጓደኛም ምክሬ ይኸው ነው፤ ጉዞው ከጾሙ በኋላ ይሁን።

ከመድኃኒት ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ይሉኝታ ነው። የአርባ ዓመት ወዳጆች አብረው ሲወጡ የደከመው ሰው ደከመኝ አይልም። የሰው ደስታ አላበላሽም ይላል። ደረቱን ሲጨምቀው እንኳ «ጋዝ ነው» ብሎ ይቀጥላል። ይህ ጨዋነት ተራራ ላይ ሰው ይገድላል። ይህን የሚፈታው በምክር ሳይሆን በአሠራር ነው። ከፊት የሚሄደው ከመካከላችሁ በጣም ቀስ የሚለው ሰው ይሁን። ማንም እሱን አይለፍ። ከኋላ ደግሞ ብርቱው ሰው ይሁን፤ ስልክና ውኃ ይያዝ። ያኔ ማንም «ቆይ ጠብቁኝ» ማለት አይኖርበትም። ዕረፍቱም በሰው ጥያቄ ሳይሆን በሰዓት ይሁን፤ በየ25 ደቂቃው ለአምስት ደቂቃ ሁሉም ይቁም። አንድ ሰው ከቆመ ሌላው ሳይጠይቀው ይቁም። መኪና ልግባ ያለ ሰው ምክንያት አይጠየቅ። ይህን ስምምነት ሽሮ ሜዳ ላይ ሳትነሱ ጮክ ብላችሁ ተናገሩት፤ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አብሮ ካለም ይስማ።

ደረት መጨመቅ፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ያልተለመደ ድካም ወይም ማቅለሽለሽ ሲኖር ጉዞው ለዚያ ሰው አልቋል። ተቀምጦ ይረፍ፤ በእግሩም ወደ ላይም ወደ ታችም አይሂድ። ስኳር ያለበት ሰውና ሴቶች ላይ የልብ ሕመም ያለ ደረት ሕመም ሊመጣ እንደሚችል አስታውሱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ኮንትራት መኪናው እዚያው ካለ አምቡላንስ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ይዛችሁ ውረዱ።

ስለ ሰዓቱ። ተራራ የሚወጡ ሰዎች አንድ የቆየ ስሌት አላቸው፤ ኔይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ሰው በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመራል። ለስሌት ያህል መንገዱን 5 ኪሎ ሜትር፣ ሽቅቡን 400 ሜትር ብንይዝ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይወጣል። ይህ ግን ለብርቱ ጎልማሳ ያለ ዕረፍት ነው። እናንተ እጥፍ አድርጉት፤ ከሦስት ሰዓት በላይ ማለት ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተነሱ። ከዚያ በፊት አልመክርም፤ በዚያ ወቅት የእንጦጦ ማለዳ ይቀዘቅዛል፣ ብርድ ደግሞ የደም ሥር አጥብቦ ግፊት ይጨምራል። ላይኛው ቦታ ከታች በጥቂት ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ በላብ የራሰ ልብስ የሚቀየርበት ሹራብና ጋቢ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ። 6 ሰዓት ላይ የትም ሁኑ፣ ሽቅቡን አቁሙ። ያልደረሰ ካለ በመኪና ይድረስ። ጀንበር ሳታዘቀዝቅ ከጫካው ውጡ፤ ሲመሽ አካባቢው የጅብ ነው።

ምሳችሁ ቀለል ይበል። በሶ፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች ጥሩ ነው። ጠጁ ቤት ይጠብቃችሁ። ከኢንሱሊን ጋር መጠጥ ከሰዓታት በኋላ ስኳር ያወርዳል፤ የግፊት መድኃኒት የወሰደንም ሰው ያዞራል።

ከአሜሪካ የምትመጣው ባልደረባችሁ ከእናንተ ሁሉ ለከፍታው የተጋለጠች ናት። ልጆቻችሁ የፈሩት ነገር በትክክል የሚመለከተው እሷን ነው። ከባሕር ጠለል አጠገብ የምትኖር ከሆነ አዲስ አበባ መድረሷ ራሱ አንድ ከፍታ መውጣት ነው፤ በሁለተኛው ቀን 3,000 ሜትርን ማለፍ ደግሞ ሌላ። እንቅልፏም አልተስተካከለም። ቢያንስ አራት አምስት ቀን ትቆይ፤ ካልተቻለ በመኪና ወጥታ ምሳው ላይ ትቀላቀላችሁ። ከረዥም በረራ በኋላ አንድ ባቷ ካበጠና ካመማት ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠራት በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ትይ።

ይህ ጉዞ በሰላም ካለፈ ሌላ ቦታ አለ። ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ለመለማመጃ ይሆናል። ከዚያ ሲበረታ በሰበታ በኩል ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገርለታል። ጥላው ጥሩ ነው፤ ጉሬዛም ታያላችሁ። ግን ከደኑ በላይ ወደ ወጨጫ ጫፍ አትውጡ። ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፤ መኪና የሚደርስበት መንገድም የለም። ዝቋላም ለጊዜው ይቆይ።

ከጉዞው በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት ጭንና ባት መታመሙ የተለመደ ነው። ተኝታችሁ አትዋሉ፤ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ጉልበትዎ ካበጠ ወይም ክብደት መሸከም ካቃተው፣ ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ፣ ወይም ከወትሮው በጣም ካነሰ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ስኳር ያለበት ጓደኛችሁ በዚያ ምሽት ሳይለካ አይተኛ፤ ከተቻለም ሌሊት አንድ ጊዜ ተነስቶ ይለካ። የዳገቱ ድካም ስኳርን ማውረዱን ሌሊቱን ሙሉ ሊቀጥል ይችላልና፣ አብሮት የሚያድር ሰው ይህን ይወቅ።